ቴሌግራም፣ ዋትሳፕ ወይስ ሲግናል? ለቤታችሁ የሚሆነውን አፕ ስትመርጡ

በእኛ ቤት የስልክ ጣጣ ሁሉ ወደ እኔ ነው የሚመጣው። ሙያ ስላለኝ እንዳይመስላችሁ። ከዓመታት በፊት የእናቴ ስልክ "ድምፁ ጠፋ" ተብሎ ቤቱ ሲታመስ ሳይለንት ላይ መሆኑን አይቼ መለስኩት። በቃ፣ ከዚያ ወዲህ አዘዞ ያለችው አክስቴም፣ ማራኪ ካምፓስ የምትማረው የእህቴ ልጅም፣ ቅዳሜ ገበያ ሸማ የሚሸጡት ጎረቤታችንም እሑድ ቡና ላይ ስልካቸውን ይዘው ይመጣሉ። ሰሞኑን ደግሞ የሁሉም ጥያቄ አንድ ሆኗል። "የትኛው አፕ ነው ሰው የማይሰማው?"

እኔም መልሼ እጠይቃለሁ፤ "ከማን ጋር ነው የምታወሩት?"

ጥያቄውን ለመሸሽ አይደለም። ምርጥ ቁልፍ ያለው አፕ ጭናችሁ እናታችሁ ካልገባችበት ምን ዋጋ አለው? እሷ የምትደውለው በለመደችው ነው፣ እናንተም ተመልሳችሁ እዚያው ትገባላችሁ። ስለዚህ ከአፑ በፊት ሰዎቹን ማየት ይሻላል።

መጀመሪያ ሰዎቻችሁን ቁጠሩ

ወረቀት አውጡና በሳምንት አንዴም ቢሆን የምታወሯቸውን ሰዎች ጻፉ። ከስማቸው ጎን የት እንዳሉና ምን ስልክ እንደያዙ ጨምሩ። የእኛ ቤት ዝርዝር ይህን ይመስላል። እናቴ ጎንደር፣ ሜሞሪው የሞላ ትንሽ ሳምሰንግ። ወንድሜ ቨርጂኒያ፣ አይፎን። እህቴ ዱባይ፣ አንድሮይድ። የእህቴ ልጅ ካምፓስ፣ ስልክም ዊንዶውስ ላፕቶፕም አላት፣ ከስልኩ ይልቅ ላፕቶፑ ላይ ነው የምትውለው።

ይህን ስትጽፉ ግማሹ ምርጫ በራሱ ይወድቃል። ወንድሜ "ፌስታይም አድርጉልኝ" ማለት ይወዳል። ፌስታይም ግን የአፕል ነው። አንድሮይድ የያዘ ሰው በተላከለት ሊንክ በብሮውዘር መግባት ይችላል እንጂ እሱ ራሱ መደወል አይችልም። እናቴን ሊንክ ተጫኚ ማለት ደግሞ ሌላ የቤት ሥራ ነው። ስካይፕን የለመዱ ሰዎችም ነበሩ፤ ማይክሮሶፍት ሚያዝያ 27 ቀን 2017 ዓ.ም. ዘግቶታል፣ እሱንም ሰርዙት።

የዱባይዋ ጉዳይ ለብቻው ነው። በተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች በዋትሳፕ መጻፍና የድምፅ መልእክት መላክ ይቻላል፣ መደወል ግን ታግዷል። እዚያ ያሉ እህቶቻችን ለመደወል እንደ ቦቲም ያሉ ፈቃድ ያላቸውን አፖች የሚጠቀሙት ለዚህ ነው። ስለዚህ "ለምን አታነሺም" ብላችሁ አትቆጡ፣ ስልኩ ጭራሽ አልጠራላትም ይሆናል። "ቪፒኤን ጫኚ" ብላችሁም አትገፋፏት። እዚያ አገር ቪፒኤንን ያለአግባብ መጠቀም ከባድ ቅጣት አለው፣ ቅጣቱን የምትከፍለው እሷ ናት። እኛ ቤት የተስማማነው እንዲህ ነው፤ ለመደወል ቦቲም፣ ሰው እንዲሰማው የማንፈልገው ነገር ሲሆን ደግሞ በሌላው አፕ በድምፅ መልእክት።

ስለ ቁልፉ

ከጎንደር ባሕር ዳር ለዘመድ ዕቃ መላክ ፈልጋችሁ መናኸሪያ ወርዳችሁ ለዶልፊን ሹፌር ሰጥታችሁ ታውቃላችሁ አይደል? ዕቃውን በፌስታል አንጠልጥላችሁ ከሰጣችሁት ሹፌሩ ውስጡን ያያል። ክፉ ሰው ላይሆን ይችላል፣ ግን ያያል፤ ኬላ ላይ ቢጠየቅም ከፍቶ ያሳያል። ቁልፉ በተቀባዩ እጅ ብቻ ባለ ሣጥን ከላካችሁ ግን ሹፌሩ ቢፈልግም አይከፍተውም።

"ኢንድ ቱ ኢንድ ኢንክሪፕሽን" የሚባለው ይኸው ሣጥኑ ነው። መልእክቱ እናንተ ስልክ ላይ ይቆለፋል፣ የሚከፈተው ተቀባዩ ስልክ ላይ ነው፣ መሀል ላይ ያለው ኩባንያ ይዞት ያልፋል እንጂ አያነበውም።

አንድ ነገር ግን ልብ በሉ። ሣጥኑ ቢቆለፍም ሹፌሩ ማን ለማን፣ በስንት ሰዓት፣ በሳምንት ስንቴ እንደላከ ያውቃል። ይህም ራሱ ወሬ ነው። አንድ ሰው ለአንድ የሕክምና ላቦራቶሪ፣ ከዚያ ለሐኪም፣ ከዚያ ለእህቱ በተከታታይ ቢደውል ምን እንደተባባሉ ባትሰሙም ትገምታላችሁ። አፖቹ የሚለያዩት እዚህ ላይ ነው።

ቴሌግራም

ከዚህ ልጀምር፣ ብዙ ሰው የተሳሳተው እዚህ ጋ ስለሆነ። ጎንደር ላይ ቴሌግራም የሌለው ሰው ማግኘት ይከብዳል። የካምፓስ ኖት እዚያ ነው፣ የቤት ኪራይ ማስታወቂያ እዚያ ነው፣ የፋሲል ከነማ ጨዋታ ክርክር እዚያ ነው፣ የሰፈር እድርም ግሩፕ ከፍቷል። ደግሞም ይመቻል። ስልክ፣ ላፕቶፕ፣ ዊንዶውስ፣ ማክ፣ ሊኑክስ ሳይል በሁሉም ላይ ይሠራል፣ ስልካችሁ ቢጠፋ እንኳ የድሮው ቻት ሁሉ ቁጭ ብሎ ይጠብቃችኋል።

እስቲ ግን ለምን ቁጭ ብሎ እንደሚጠብቃችሁ አስቡት። መልእክቱ የተቀመጠው ኩባንያው ዘንድ ስለሆነ ነው። ተራው የቴሌግራም ቻት ሣጥኑ አይደለም፣ ፌስታሉ ነው። መንገድ ላይ ይመሰጠራል፣ ሌባ ከአየር ላይ አይጠልፈውም፣ የኩባንያው ሰርቨር ጋ ሲደርስ ግን ቁልፉ የኩባንያው ነው። ግሩፖችም ሁሉ እንደዚያው ናቸው። የተቆለፈውን ከፈለጋችሁ የሰውዬውን ፕሮፋይል ከፍታችሁ ሦስቷን ነጥብ ነክታችሁ "ስታርት ሲክሬት ቻት" ማለት አለባችሁ። እሱ ደግሞ ለሁለት ሰው ብቻ ነው፣ በከፈታችሁበት ስልክ ላይ ብቻ ነው የሚታየው፣ ዊንዶውስ ላፕቶፕ ላይ አታገኙትም። ሁለት ሰው በቴሌግራም ሲደዋወል ግን ጥሪው የተቆለፈ ነው፣ ይህን ልንክደው አይገባም።

የኩባንያው መሥራች ፓቬል ዱሮቭ እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2024 ፈረንሳይ ውስጥ ተይዞ ነበር። በቀጣዩ ወር ቴሌግራም ሕጋዊ ጥያቄ ሲቀርብለት የተጠቃሚን ስልክ ቁጥርና አይፒ አድራሻ (ኢንተርኔት የገባበትን መለያ ቁጥር) ሊሰጥ እንደሚችል በፖሊሲው ጻፈ። እንግዲህ "ቴሌግራም ላይ ማንም አያገኘንም" የሚል ጓደኛ ካላችሁ ይህን ንገሩት።

የእኔ ፍርድ፣ ቴሌግራም ለገበያ፣ ለዜና፣ ለኖት፣ ለትልልቅ ፋይል ነው። የመታወቂያ ፎቶ፣ የባንክ ደብተር፣ የሐኪም ወረቀት፣ የቤተሰብ ጠብ እዚያ አይቀመጥም።

ዋትሳፕ

እ.ኤ.አ. ከ2016 ጀምሮ የግል ቻቱም ግሩፑም ጥሪውም ምንም ሳትነኩ የተቆለፈ ነው። ቁልፉ ራሱ ከሲግናል የተወሰደ ነው። ለእናቴ የመረጥኩት ይህን ነው። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ ቨርጂኒያ ያለው ወንድሜም፣ አብረውት ያሉት ዘመዶችም አስቀድመው እዚያ ናቸው። እናቴ የምታውቀው አረንጓዴዋን ምልክት ነው፣ የድምፅ መልእክት መላክ ደግሞ ከእኔ ይልቅ እሷ ትችልበታለች፣ አንዳንዱ ሰባት ደቂቃ ይሆናል።

ጉድለቱ፣ እ.ኤ.አ. ከ2014 ጀምሮ የፌስቡክ ንብረት ነው፣ የዛሬው ሜታ ማለት ነው። ሣጥኑን አይከፍትም፣ ግን ከማን ጋር ስንቴ እንደምትገናኙ የሚያይ ሹፌር ነው። ላፕቶፕን ጨምሮ እስከ አራት ተጨማሪ መሣሪያ ማገናኘት ይቻላል። ዋናው ስልክ 14 ቀን ሳይከፈት ከቆየ ግን የተገናኙት ሁሉ ይወጣሉ። ስልኳ ተበላሽቶ ላፕቶፕ ላይ ብቻ የቀረችው የእህቴ ልጅ ይህን ያወቀችው በፈተና ሰሞን ነው።

አንድ ማስጠንቀቂያ። ጓደኛችሁ በብሉቱዝ ወይ በዜንደር የላከላችሁ "ጂቢ ዋትሳፕ" ዋትሳፕ አይደለም። ስታተስ ተደብቆ ለማየት ብላችሁ ቻታችሁን ሁሉ ለማታውቁት ሰው ሥራ ታስረክባላችሁ። ዋትሳፕም ሲደርስበት አካውንቱን ያግዳል። አጥፉትና ዋናውን ከፕሌይ ስቶር አውርዱ፣ ዳታ ቢበላም።

ሲግናል

ቁልፉ ጠንካራ መሆኑ ብቻ አይደለም፣ ሹፌሩም ብዙ አያውቅም። እ.ኤ.አ. በ2016 የሲግናል ሰዎች በአሜሪካ የፍርድ ሂደት ስለ ተጠቃሚ መረጃ አምጡ ተብለው ያላቸውን ሰጡ። የሰጡት አካውንቱ የተከፈተበትን ቀንና ለመጨረሻ ጊዜ የገባበትን ቀን ነው። ሌላ የያዙት ነገር አልነበረም። ባለቤቱ ለትርፍ ያልተቋቋመ ድርጅት ነው፣ ማስታወቂያ የለውም፣ ኮዱንም ማንም ባለሙያ ከፍቶ ያያል። እ.ኤ.አ. ከ2024 ወዲህ ደግሞ ስልክ ቁጥራችሁን ሳትሰጡ በዩዘርኔም መገናኘት ይቻላል። ለመመዝገብ ግን አሁንም ቁጥር ያስፈልጋል። ይህ ነገር በተለይ ለሴቶች ይጠቅማል፤ የቤት ኪራይ ለመጠየቅ ብላ ቁጥሯን ሰጥታ ሌሊት የሚደውል ጎረምሳ ያተረፈች ስንት አለች።

አንድሮይድ፣ አይፎን፣ ዊንዶውስ፣ ማክ፣ ሊኑክስ፣ በሁሉም ላይ አለ። ችግሩ አንድ ነው። ከፍታችሁ ስትገቡ ሰው የለም። እኔ ስጭነው ከስልኬ ውስጥ ያገኘሁት አንድ የድሮ የክፍል ጓደኛና አንድ የማላስታውሰው ቧንቧ ሠራተኛ ነበር። ስለዚህ ሰፈሩን ሁሉ ላምጣ አትበሉ። ሁለት ወይም ሦስት ሰው ይበቃል፤ ከማን ጋር ነው ምስጢር ያላችሁ? የትዳር ጓደኛ፣ እህት፣ የሥራ ሸሪክ፣ በቃ። እኔና እህቴ የገንዘብና የጤና ነገር የምናወራው እዚህ ነው፣ መልእክቱም በአንድ ሳምንት እንዲጠፋ "ዲስአፒሪንግ ሜሴጅ" ከፍተናል። ተቀባዩ ስክሪንሹት ካነሳ ግን የሚያድናችሁ አፕ የለም።

ሌሎቹን በአጭሩ። ቫይበር እ.ኤ.አ. ከ2016፣ ሜሴንጀር ከ2023 መጨረሻ ወዲህ የግል ቻትን ይቆልፋሉ፣ ቤተሰባችሁ እዚያ ከሆነ ለጥሪ ይሆናሉ። ኢሞን እናቶች የሚወዱት በደካማ ኔትወርክም ስለሚሠራላቸው ነው፣ ግን ከማያውቁት ሰው የሚመጣው ጥሪና መልእክት ያሰለቻል። ለሰላምታ ይሁን፣ ለምስጢር አላደርገውም።

ቤቱ የሚዘረፈው በየት በኩል ነው?

እውነቱን ልንገራችሁ፣ እኔ ካየሁት ውስጥ ቁልፉ ተሰብሮ የተሰረቀ አንድም የለም። በሩን ራሳችን ነን የምንከፍተው።

አጎቴ አንድ ቀን ከሚያውቁት ሰው መልእክት መጣላቸው። "የልጄን ልጅ ለውድድር አስገብተናት ነበር፣ እባክዎ ድምፅ ይስጡልን" ይላል፣ ሥሩ ሊንክ አለው። ሰውየው የጥምቀት አበልጃቸው ነው፣ እንዴት እምቢ ይላሉ? ሊንኩን ነኩ፣ ስልክ ቁጥር ጠየቀ፣ ሰጡ፣ በጽሑፍ የመጣውን ኮድ ጠየቀ፣ እሱንም ሰጡ። በዚያው ምሽት አጎቴ "ቸግሮኛል፣ በቴሌብር ብር ላኩልኝ" ብለው ለስንት ሰው ጻፉ። አጎቴ ግን ተኝተዋል። ሁለት ዘመድ ላከ። የአበልጁም አካውንት በዚያው መንገድ የተወሰደ እንደነበር ያወቅነው በነጋታው ነው።

ስለዚህ አፑን ከመረጣችሁ በኋላ እዚያው ቁጭ ብላችሁ ይህን አድርጉ። ሴቲንግስ ውስጥ "ቱ ስቴፕ ቬሪፊኬሽን" የሚል አለ። ዋትሳፕ ላይ አካውንት ሥር፣ ቴሌግራም ላይ ፕራይቬሲ ኤንድ ሴኩሪቲ ሥር ታገኙታላችሁ። ሲግናል ላይ አካውንት ሥር "ሬጂስትሬሽን ሎክ" ይባላል። ይህን ካበራችሁ ሌባው የጽሑፍ ኮዱን ቢያገኝ እንኳ እናንተ ብቻ የምታውቁት ሌላ ቁጥር ወይም ፓስወርድ ይጠየቃል። የልደት ዓመት አታድርጉት። ያንንም ቁጥር ልክ እንደ ኮዱ ለማንም አትስጡ፣ "ከቴሌ ነው የምደውለው" ቢልም፣ "ሽልማት ወጥቶልዎታል" ቢልም።

ቀጥሎ የተገናኙትን መሣሪያዎች እዩ። ዋትሳፕና ሲግናል ላይ "ሊንክድ ዲቫይስስ"፣ ቴሌግራም ላይ "ዲቫይስስ" ይላል። የማታውቁት ኮምፒውተር ካለ አውጡት። ተማሪዎች፣ በተለይ እናንተ፣ ላይብረሪ ኮምፒውተር ላይ ፋይል ለማውረድ ገብታችሁ ሳትወጡ ስንቴ ሄዳችኋል?

ባክአፕ ደግሞ የተረሳው የጓሮ በር ነው። የዋትሳፕ ቻት ተቆልፎ ይመጣና ወደ ጉግል ድራይቭ ወይም አይክላውድ ሲገለበጥ፣ ካልነገራችሁት በስተቀር፣ በዚያ ቁልፍ አይቆለፍም። ቻትስ፣ ቻት ባክአፕ፣ ከዚያ "ኢንድ ቱ ኢንድ ኢንክሪፕትድ ባክአፕ" ብላችሁ አብሩት። ፓስወርዱ ከጠፋባችሁ ኩባንያውም ሊመልስላችሁ አይችልም፣ አስቡበት። እናቴ የእሷን በወረቀት ጽፋ ዳዊቷ ውስጥ አድርጋዋለች። የኮምፒውተር ባለሙያ ቢሰማ ይስቅ ይሆናል፣ እኔ ግን ከዚያ የተሻለ ቦታ አላገኘሁላትም።

አሮጌ ሲም የተዋችሁ ሰዎችም አላችሁ። የተተወ ቁጥር አንድ ቀን ለሌላ ሰው ይሰጣል፣ ያ ሰው በእናንተ ቁጥር አካውንት ሊከፍት ይችላል። ቁጥሩን ከመተዋችሁ በፊት አፑ ውስጥ ገብታችሁ "ቼንጅ ነምበር" በሉ።

ኔትወርክ ሲጠፋና ሲዘጋ

የጥምቀት ዕለት ፋሲል መዋኛ አጠገብ ሆናችሁ ቪዲዮ ጥሪ ሞክራችሁ ከሆነ ነገሩ ይገባችኋል። ያ ሁሉ ሰው በአንድ ማማ ላይ ሲንጠለጠል የትኛውም አፕ አይችልም። ድምፅ ቀርጻችሁ ላኩ፣ ኔት ሲመለስ ራሱ ይሄዳል። በሌላው ቀን ጥሪው እየተቆራረጠ ካስቸገራችሁ ቪዲዮውን አጥፉ፣ ዋትሳፕም ሲግናልም ውስጥ "ዩዝ ለስ ዳታ ፎር ኮልስ" የሚል አለ፣ አብሩት። ካርድም ይቆጥባል።

መዘጋት ግን ሌላ ነው። ከየካቲት 2 እስከ ሐምሌ 10 ቀን 2015 ዓ.ም. ቴሌግራም፣ ፌስቡክ፣ ዩቲዩብና ቲክቶክ አገር አቀፍ ተዘግተው ነበር። በዚያው ዓመት መጨረሻ ደግሞ በእኛ ክልል የሞባይል ኢንተርኔቱ ራሱ ጠፋ። የመጀመሪያው ዓይነት ሲመጣ ሁለተኛ አፕ ያለው ሰው ያወራል፤ ስለዚህ ከአንድ በላይ ይኑራችሁ፣ ቀድማችሁም ተገናኙበት፣ ከተዘጋ በኋላ "ምን ጫንክ?" ብሎ መጠየቂያ የለም። ሁለተኛው ሲመጣ የሚቀረው ተራ ስልክና ተራ የጽሑፍ መልእክት ብቻ ነው። እሱ ደግሞ ፌስታሉ ነው፣ ኔትወርኩን የያዘው ያነበዋል፣ ደኅንነታችሁን ብቻ ተነጋገሩበት። ለዚያ ጊዜ የዘመዶቻችሁን ቁጥር በወረቀት ጻፉ። ስልኩ ውስጥ "እታለም" ተብሎ የተቀመጠውን ቁጥር በቃላቸው የሚያውቁ ሰዎች ከእኛ ቤት ማንም አልነበሩም።

ሰዎቹን እንዴት እናስገባቸው?

ንግግር አያስፈልግም። ስለ ኢንክሪፕሽን ለእናቴ አንድ ሰዓት አስረድቼ "ታዲያ ወንድምህ እዚያ ውስጥ አለ?" ብላኛለች። ስለዚህ ቀድማችሁ የምትወደውን ሰው አስገቡ፣ እሷ ትከተላለች። ስልኩን ራሳችሁ አዘጋጁላት፣ የማትፈልገውን ሁሉ ከፊት ገጽ አውጡ፣ የምትደውልላቸውን አራት ሰዎች ከላይ ፒን አድርጉ፣ ፎቷቸውን አስገቡ። ማንበብ ለማይችል ሰው ፎቶው ነው ስሙ። ማንኛውም ሰው ግሩፕ ውስጥ እንዳይጨምራት ፕራይቬሲ፣ ግሩፕስ ገብታችሁ "ማይ ኮንታክትስ" አድርጉ። ስልኩ ሲቆለፍ የመልእክቱ ጽሑፍ ፊት ላይ እንዳይታይም አጥፉ። ቡና ላይ ስልኩ ጠረጴዛ ላይ ነው የሚውለው፣ ጎረቤት ደግሞ ዓይን አለው።

ከዚያ ለአንድ ሳምንት ሞክሩት፣ ጠዋት ሳይሆን ማታ ከሁለት እስከ ሦስት ሰዓት፣ ሁሉም ቤቱ ገብቶ ኔትወርኩ ሲጨናነቅ። በሁለት አፕ ተራ በተራ ደውሉ። የትኛው ቶሎ ያዘ፣ የትኛው ላይ "ሃሎ፣ ሃሎ፣ ትሰማኛለህ?" በዛ፣ ቁጠሩ። የእናቴን የወሰንነው እንዲህ ነው። ወንድሜ አሁንም በየወሩ ፌስታይም ይላል።